ከካሜራው ሥር

በጉ ጠዋት የግቢው በር ላይ ታስሮ ተገኘ። ላቱ የተንዠረገገ ነጭ ሙክት ነው፤ አንገቱ ላይ ገና ከሱቅ የወጣ የናይለን ገመድ አለ። አምሳለች አመድ ልትደፋ ስትወጣ ከበጉ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ጣሳዋን እንደያዘች ጥቂት ቆማ አየችውና ተመልሳ በጎድጓዳ ሳህን ውኃ ይዛለት መጣች፤ በጉ ምን በደለ? ባሏ ባየ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ብቅ አለ። በጉን አየ፣ መንገዱን ግራና ቀኝ አየ፣ ምራቁን ተፋና «ወደ ጓሮ አስገቡት፣ መንገደኛ አይየው» አለ። ማን ላከው ብሎ የጠየቀ የለም። ልጃቸው ምንይሉም አልጠየቀም፤ በጉ የእሱ መሆኑ ገብቶታል። ሳይጠራ የሚመጣ በግ ወይ ለደስታ ነው ወይ ለምስጋና፤ በዚያ ቤት ደግሞ የሰነበተ ደስታ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢቸና ገበያው ጥግ ካለው ከባየ የሕንፃ ዕቃ ሱቅ በረንዳ ላይ ስርጉት የምትባል የሞጣ ልጅ ሻይና ፓስቲ ትሸጥ ነበር። የከባድ መኪናዎች ባለቤት የገላው ልጅ የኔሰው ወደዳት። ወደዳት የሚለው እሱ ነው እንጂ እኛ ያየነው ሌላ ነው፤ ሻይዋን ይደፋል፣ በርጩማዋን ይረግጣል፣ ደንበኞቿን ያባርራል፣ የተከራየችውን ክፍል በር በእርግጫ ይደበድባል። እሷ አልፈልግም አለች። አልፈልግም የሚል ቃል በገላው ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ባለፈው ሳምንት ከከተማው ትልልቅ ሰዎች አንዱ አረፉና የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ፤ ሱቁ ከሞላ ጎደል ተዘጋ፣ ሕዝቡ ለቀብር ነቅሎ ወጣ። ስርጉት ሟቹን አታውቃቸውም፤ ከቀብር ለሚመለሰው ሰው ሻይ ላፍላ ብላ ቀረች። ሰው ሲመለስ እዚያው በረንዳ ላይ አገኛት። ሆዷንም ደረቷንም በጩቤ ተወግታለች፤ ብርጭቆዎቿ ተሰባብረው ደሟ ውስጥ ተበትነዋል። የኔሰው ልብሱ በደም ርሶ ቢያዝም «ወድቃ አግኝቻት ላነሳት ስል ነው» አለ። በዓይኔ አየሁ የሚል ሰው ጠፋ። የቀረው የሱቁ ካሜራ ነበር፤ የካሜራው አዛዥ ደግሞ ምንይሉ ነው፤ ምንይሉም በዚያን ቀን ምንም አልተቀዳም አለ። ትናንት ማታ የኔሰው ማስረጃ አልተገኘበትም ተብሎ ተፈታ። ዛሬ ጠዋት በጉ መጣ።

ምንይሉ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ተምሮ፣ ሥራ አጥቶ፣ ከአባቱ ሱቅ የገባ ልጅ ነው። ከሚስማርና ከቀለም ሌላ የሚኮራበት ነገር ቢኖር ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በቀለም ጣሳዎች መካከል የተቀመጠው አሮጌ ኮምፒዩተር ብቻ ነበር። ቫይረስ ቢያስቸግረው ዊንዶውሱን ነቅሎ ሊኑክስ የተባለውን ሌላ ሥርዓት ጫነበት፤ ካሜራዎቹ የሚያዩትን እየሰበሰበ የሚያስቀምጥ ፕሮግራምም ራሱ በፓይተን ጻፈለት። ኋላ ባየ ከባሕር ዳር አዲስ ካሜራ ገዝቶ መጣና በረንዳው ላይ አሰቀለው፤ ይኸኛው ድምፅም ይቀዳል። ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው ፓይተን ግን አሮጌ ስለነበር ከአዲሱ ካሜራ ጋር አልግባባ አለ። ፓይተን ማለት ምንይሉ የጻፈውን ትእዛዝ ለማሽኑ የሚያስረዳ አስተርጓሚ ነው፤ አስተርጓሚው ካረጀ አዲስ ነገር አይሰማም። ስለዚህ መታደስ ነበረበት። ምንይሉ ሱቁ ባዶ የሚሆንበትን ጊዜ ሲጠብቅ ሰነበተና ጥሩምባው ሲነፋ ዛሬ ሌባውም ቀብር ነው ብሎ ጀመረ። አዲሱን ጫነ፤ ማሽኑ ፓይተን በተባለ ቁጥር አዲሱን ብቻ እንዲጠራም አዘዘው። ስህተቱ ይቺ ናት። ፕሮግራሙ የሚሠራባቸው ዕቃዎች፣ ማለትም አጋዥ ኮዶቹ፣ በሙሉ ያሉት ከአሮጌው ዘንድ ስለነበር አዲሱ ባዶ እጁን ሥራ ገባ፤ ገብቶም ወዲያው ቆመ። ይህን ለማየት ትንሽ መታገሥ ይበቃ ነበር፤ ግን ባየ ከውጭ «አንተ ልጅ! አስከሬኑ ወጣ እኮ! ሰው ምን ይለናል?» ብሎ ጮኸ። ምንይሉ የካሜራዋን አረንጓዴ መብራት አየና ነጠላውን አጣፍቶ ሮጠ። ያቺ መብራት ኤሌክትሪክ መኖሩን እንጂ ካሜራው መቅዳቱን አትናገርም። ይህን ከሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው በከተማው አልነበረም፤ ቢሆንም ሮጠ።

ይህንኑ ለፖሊስም፣ ለጎረቤትም፣ ለአባቱም ደጋግሞ አስረድቷል። መርማሪው በትዕግሥት ሰማውና «አሻሻልከው ነው የምትለኝ ወይስ አጠፋኸው?» ሲል ጠየቀው። ምንይሉ ማሽኑ የጻፈውን የስህተት መልእክት ከነሰዓቱ ቢያሳየው «ይህን አንተ ራስህ መጻፍ አትችልም?» አለው። ይችላል። ሰው ከቀብር እስኪመለስ ባለችው በዚያች ክፍተት ካሜራ በአጋጣሚ ይቆማል ብሎ ማን ያምናል? እኔም ብሆን አላምንም። ኮምፒዩተሩ ተመርምሮ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ለባየ ተመለሰለት። የገላው ቤተ ሰብም እንደማንኛውም ሰው አስቦ፣ እንደማንኛውም ሰው ውለታውን በበግ ከፈለ።

ምንይሉ ቁርስ ሳይቀምስ ከግቢው ጋር ወደተያያዘው ሱቅ ገባና ከቀለም ጣሳዎቹ መካከል ተቀመጠ። ክፍሏ ውስጥ የቲነር ሽታ ዓይን ያስለቅሳል። አሮጌውን ፓይተን ወደ ቦታው መለሰ፤ የማሽኑ ሌላው ሥራ በእሱ ላይ የቆመ ነውና። ለአዲሱ ደግሞ ለብቻው ቦታ አበጀለት፣ የሚያስፈልገውን ዕቃ በሙሉ እዚያው ጫነለት፤ ያን ጊዜ እንዲህ አድርጎት ቢሆን ኖሮ ይኸ ሁሉ አይመጣም ነበር።  ፕሮግራሙን ሊያስነሣ ሲል አባቱ ገባ። ባየ ስለበጉ ለመናገር አልቸኮለም፤ ስለብረት ዋጋ አወራ፣ ሲሚንቶ ከደጀን የሚያመጣው መኪና እንደዘገየ አወራ፣ ያም መኪና የገላው መሆኑን ሳይጠቅስ አላለፈም።  በጉ ከጓሮ ጮኸ።

«በጉን እመልሳለሁ፣ አባዬ።»

«ማን መልስ አለህ?»

«አላጠፋሁም እኮ! ሰው ባያምነኝ እርስዎ እንኳ አያምኑኝም?»

«አጠፋህ አላጠፋህ ምን ለውጥ አለው? የሞተችው አትነሣ። ከገላው ጋር በሰላም አደርን፤ በጉ ይታረዳል፣ ትበላለህ፣ ዝም ትላለህ፤ አለቀ።»

«የስርጉትን ሥጋ ብላ ነው የሚሉኝ?»

ባየ በጥፊ መታው። በእጁ ጀርባ ደገመውና የልጁ ራስ ከቀለም ጣሳዎቹ ጋር ተጋጨ፤ አንዱ ጣሳ ወድቆ ተከፈተና ወለሉ በነጭ ቀለም ራሰ። ሚስማር ሊገዙ የመጡ ሁለት ገበሬዎች ከባንኮኒው ማዶ ቆመው ያያሉ። ባየ ፊቱን ወደነሱ አዞረና ምንም እንዳልሆነ ሁሉ «ስንት ቁጥር ነው የፈለጋችሁት?» አላቸው። ምንይሉ የአፍንጫውን ደም በእጅጌው ጠረገ፣ ጎንበስ ብሎ ፕሮግራሙን አስነሣና እንደገና ሳይጠብቅ፣ እንደገና ሳያይ በጓሮ በር ወጣ። ንዴት እንዲህ ነው። አምሳለች ገመዱን ፈትታ ሰጠችው።

በግ እየጎተቱ በገበያ መሐል ማለፍ ከባድ ነው። በጉ ጎመን ባየ ቁጥር ይቆማል፤ ሰዉ ደግሞ በጉን ያያል፣ ምንይሉን ያያል፣ ከዚያ እርስ በርሱ ይተያያል። ከሱቃቸው ፊት ለፊት የጨርቅ ነጋዴው ሐምዱ ሱቅ አለ። የስርጉት ታላቅ እህት ብሩክታይት ከሞጣ ለቀብር መጥታ ገዳዩ ሳይፈረድበት አልመለስም ብላ ስለቀረች ሐምዱ በረንዳው ላይ በርጩማ ሰጥቷታል። ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ እህቷ የወደቀችበትን ቦታ ስታይ ትውላለች። ምንይሉን ከነበጉ ስታይ ብድግ አለች።

«ደሟን ሸጠህ በግ ገዛህበት?»

«ልመልሰው ነው፣ እህት ዓለሜ፤ በእመቤቴ ልመልሰው ነው።»

«መልሰኸው ምን ሊሰጡህ? በሬ?»

ድንጋዩን ከየት እንዳነሣችው አላየም። ቅንድቡን ከፈለው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ ገመዱን አልለቀቀም፣ ራሱንም አልሸፈነም፤ ሁለተኛውንም ወርውራበት ትከሻውን አገኘችው። ሦስተኛውን ስታነሣ ሐምዱ ከኋላ እጇን ያዘ፣ «በቃ ልጄ፣ በቃ፤ ሰው ትገድያለሽ» እያለ። እሷም «ልግደላ! እኔ ብቻ ነኝ የማልገድለው?» ብላ ጮኸች፣ ከዚያም መሬት ላይ ተቀምጣ ደረቷን መታች። ምንይሉ በጉን ጎትቶ ሄደ። ከተናገረችው ሁሉ የከነከነው የመጨረሻው ነው፤ እውነትም በዚህ ከተማ መግደል ያልተፈቀደላት እሷ ብቻ ነበረች።

የገላው ቤት በደጀን መንገድ በኩል ነው። ፎቁ አልተጠናቀቀም፤ ብረቱ ወደ ሰማይ እንደተተከለ ቀርቷል፣ ግቢው ውስጥ ጎማው የወለቀ መኪና ቆሟል። ምንይሉ በጉን ከመኪናው ጋር አሰረና ሊወጣ ሲል ገላው ራሱ ከበረንዳው ጠራው፣ እጁን ይዞ ሳሎን አስገባው። ፕላስቲኩ ያልተላጠ ሶፋ፣ ሲናገር የማይሰማ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ የልጆቹ የምርቃት ፎቶ። ገላው የቅንድቡን ደም አይቶ እንዳላየ ሆነ። ስለጤፍ ዋጋ ጠየቀው፣ እናቱ ደኅና መሆኗን ጠየቀው፣ ዳቦና ማር አስመጣለት። ጥግ ላይ የኔሰው ተቀምጦ አረቄ ይጠጣል፤ ከእስር የወጣ ሳይሆን ከሠርግ የመጣ ይመስል ነበር።

«በጉን መልሼዋለሁ፣ ጋሽ ገላው። እኔ ምንም አላደረግሁም» አለ ምንይሉ።

«አላደረግህማ! እኛስ አደረግህ አልን?» አለ ገላው እየሳቀ። «በግ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት በግ ቢሰጥ ምን ነውር አለው?»

የኔሰው ጥግ ሆኖ ይስቅ ጀመር። ስካሩ ገና በጠዋቱ ይዞታል። «ታውቃለህ?» አለ ብርጭቆውን ወደ ምንይሉ እያነሣ፣ «ጋሽ ሐምዱ ሱቅ እኮ ክፍት ነበር። ሰውየው ከኋላ ጓዳ ሶላት ላይ ነበሩ። እዚያ ሮጣ ብትገባ አመለጠችኝ ብዬ ነበር። ሴትየዋ እዚያው በረንዳ ላይ ቀጥ አለችልኝ! እጇን ወደ ላይ ቀስራ ‹ካሜራው ያይሃል› አለችኝ። ባንተ ካሜራ ተማምና እኮ ነው!»

«ዝም በል፣ አንተ ውሻ!» አለ ገላው።

«ምን አለበት? የራሳችን ሰው ነው።»

ምንይሉ የያዘውን ዳቦ ወደ ሳህኑ መለሰ። ሳምንቱን ሙሉ ካሜራው ሳያይ በመቅረቱ ሲቃጠል ነበር እንጂ እሷ ካሜራው እንደሚያይ አምና መቆሟን አላሰበም። ፓስቲ እየጠበሰች «ይኼ ነገር እኔንም ያየኛል?» ብላ ጠይቃው ነበር። «ሌሊትም ቀንም» ብሏታል፤ ሊያስደንቃት። 

«አላጠፋሁትም» አለ ቆሞ።  «ስህተት ነው እንጂ አላጠፋሁትም። ቢኖር ኖሮ በእጄ ለፖሊስ እሰጠው ነበር። አሁን የነገርከኝንም ሄጄ እናገራለሁ።»

 የአረቄው ጠርሙስ ግድግዳው ላይ ተሰበረ። የኔሰው የአባቱን ከዘራ አንሥቶ ሲነሣ ምንይሉ ከበሩ ወጥቷል፤ በጉን ዘሎ፣ የግቢውን በር ገፍቶ፣ ወደ ገበያው ሮጠ። ከኋላው ገላው «ተው! ሰው ያይሃል!» ይላል፤ አትምታው ግን አላለም። ከዘራው በመጀመሪያ ጀርባው ላይ፣ ቀጥሎ ክርኑ ላይ አረፈ። የገበያው ሰው እየተከፈለ መንገድ ሰጠ። ያገዘ የለም፤ በገላው መኪና ሸቀጥ ያልተጫነለት ነጋዴ ስለሌለ ሁሉም ዓይኑን ወደ ሸቀጡ መለሰ።

ሐምዱ አየው። «ና! ና ግባ፣ ልጄ!» ብሎ ከሱቁ በር ጮኸ። በሩ ክፍት ነው፤ ወርዶ የሚዘጋ የብረት መዝጊያም አለው። ምንይሉ ወደዚያ ሊዞር ሲል ከመንገዱ ማዶ የኤሌክትሪክ ወፍጮ ድምፅ ጆሮው ገባ። ወፍጮው ይፈጫል፤ ስለዚህ መብራት አለ። ጠዋት ፕሮግራሙን አስነሥቶታል። አላየውም፤ ግን አስነሥቶታል። እግሩ ወደ አባቱ ሱቅ በረንዳ ወሰደውና ስርጉት ከቆመችበት ቦታ ላይ ቆመ። ሲሚንቶው ቢታጠብም ደሙ ከስንጥቁ ውስጥ አልወጣም። ቀና ብሎ አየ። አረንጓዴዋ መብራት በርታለች፤ መብራቷማ ያን ቀንም በርታ ነበር። ፈራ። 

«ስርጉት የት ነበር የቆመችው?» ብሎ ጮኸ።

የኔሰው ሳቀና ከዘራውን በአፉ ላይ አሳረፈው። ጥርሱ ወደ ጉሮሮው ሄደ። «እዚሁ ነው የቆመችው! እዚሁ!» ይላል የኔሰው እየመታ፤ «ካሜራው ያይሃል አለችኝ! ስወጋት አየኝ? ደግሜ ስወጋትስ አየኝ? አንተን ስሰብርህስ ማን ሊያየኝ ነው?» እያንዳንዱ ጥያቄ ከአንድ ምት ጋር ይወርዳል። ምንይሉ ክንዱ ሲሰበር ድምፁን ሰማ፤ ወደቀ፤ ከወደቀም በኋላ የኔሰው የጎን አጥንቱን በእርግጫ ይለው ነበር። ባየ ሚዛኑን ትቶ ከሱቁ በር ላይ ቆሟል። የልጁን ደም ያያል፣ የገላውን ልጅ ያያል፤ እጁ በሩን እንደጨበጠ ቀርቷል። ሐምዱ የጨርቅ መለኪያ ብረቱን ይዞ መንገዱን ሲያቋርጥ ብሩክታይትም አብራው ተነሣች፤ የኔሰው እነሱን ሲያይ ደክሞትም ነበርና ከዘራውን አወረደ። ለባየ፣ ለገዛ ሠራተኛው እንደሚናገር ሆኖ «ልጅህን አፉን እንዲዘጋ ምከረው» አለው።

ምንይሉ ጎኑ ላይ እንደተኛ ደም ተፋና «አባዬ» አለ፤ ቃሉ ከተሰበረው ጥርስ ጋር ተቀላቅሎ ነው የወጣው። «ኮምፒዩተሩን… ገብተው ይዩልኝ።»

ባየ ልጁን አየው። በሩን በጨበጠበት በዚሁ እጁ ጠዋት መትቶታል። በሩን ለቆ ገባ። ከውጭ ያለው ሰው እየተሰበሰበ ነው። የኔሰው ከዘራውን በሱሪው ላይ ጠርጎ «ዛሬም አሻሽላችሁታል?» ብሎ ሳቀ። ምንይሉ ደግሞ በወለሉ ላይ ሆኖ ሁለት ነገር ይፈራል፤ አንድም ባዶ እንዳይሆን፣ አንድም ባዶ ባይሆንና አባቱ ለሰላም ብሎ ቢያጠፋው። ባየ ኮምፒዩተር አይችልም፤ የመጨረሻውን ቅጂ የምታስከፍተውን አንዲት ቁልፍ ግን ልጁ አሳይቶታል፤ ማጥፋት ደግሞ ማንም ይችላል፤ ኮምፒዩተሩን አንሥቶ መሰባበር ብቻ ነው። ባየ ሱቅ ውስጥ ቆየ። የፈሰሰውን ቀለም ሲረግጥ የጫማው ድምፅ ይሰማል።

ከዚያ ከቀለም ጣሳዎቹ መካከል፣ ከኮምፒዩተሩ ትንሽ ድምፅ ማጉያ፣ የከዘራው ምት ተሰማ። ቀስ ብሎ፣ ሩቅ ሆኖ። «እዚሁ ነው የቆመችው!» አለ የኔሰው ድምፅ ከውስጥ፤ ከውጭ ያለው የኔሰው ግን አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል። ወደ በሩ ተወረወረ። ብሩክታይት ቀድማው በሩ ላይ ቆመች፤ በእጇ ድንጋይ አለ፣ አልወረወረችውም፣ አልጣለችውምም። ሐምዱ ብረቱን ይዞ ከጎኗ ቆመ። ቀጥሎ ጠዋት ሚስማር የገዙት ሁለት ገበሬዎች ከሕዝቡ ወጥተው ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። የኔሰው ከትከሻቸው በላይ አንገቱን አስግጎ «ጋሽ ባየ!» ብሎ ጮኸ፤ «ያጥፉት! ያጥፉት እንጂ!»

ባየ ድምፁን ከፍ አደረገው።